«ሄክል» ለሚለው የእንግሊዝኛ ቃል አማርኛ ያላችሁ እስቲ እርዱኝ

ትርጉም ላይ ነኝ፦
ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። አንድ አጭር ልብ ወለድ ከእንግሊዝኛ እየመለስኩ ነው። ታሪኩ የሚጀምረው የቀልድ ምሽት በሚቀርብበት ትንሽ አዳራሽ ነው። ኮሜዲያኑ ግማሽ ሰዓት ያህል ሲናገር ቆይቶ ጉሮሮው ይደርቅና ውሃ ለመጎንጨት ዝም ይላል። በዚያች ጸጥታ መሃል ከመጨረሻው ረድፍ አንድ ሰው «እስካሁን ካቀረብከው ሁሉ ይኸኛው ይሻላል!» ብሎ ይጮኻል። አዳራሹ በሳቅ ይሞላል፤ ኮሜዲያኑ ብርጭቆውን እንደያዘ ይቀራል።

ደራሲው ይህን ሰው «ሄክለር»፣ ያደረገውን ደግሞ «ሄክል» ይለዋል። ቃሉ አሥራ አንድ ቦታ ይመላለሳል። መጀመሪያ «ተሳዳቢ» ብዬ ጻፍኩ። አርታኢዬ በቀይ አስምራ «የቱ ጋ ነው የተሳደበው?» ስትል መለሰችልኝ። «ረባሽ» አልኩ፤ «የክፍል አለቃ ስሙን ጥቁር ሰሌዳ ላይ የጻፈው ልጅ አስመሰልከው» አለች። «ዘላፊ» ስል ደግሞ ሳቁ ጠፋ። በአዳራሹ በር ላይም «ሄክል ማድረግ ክልክል ነው» የሚል ማስታወቂያ አለ፤ እሱን እስካሁን ባዶ ትቼዋለሁ። ምን ትላላችሁ?

ድምፅ ማጉያ፦
ወንድሜ፣ አታወሳስበው። ተመልካች ያልወደደውን ሰው በጩኸትና በፉጨት ከመድረክ ማባረር ማለት ነው። ኳስ ሜዳ ዳኛው ሲያጠፋ «ሌባ! ሌባ!» እንደምንለው። «በጩኸት ማዋረድ» ብለህ እለፈው።

አሮጌ መዝገብ፦
ድምፅ ማጉያ የገለጽከው ሌላ ቃል ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች መድረክ ላይ የቆመን ሰው ለማሳፈር ብዙ ቃላት አሏቸው፤ ሁሉንም በአንድ ከረጢት ከከተትናቸው ተርጓሚው ችግር ላይ ይወድቃል።

«ቡ» የብዙ ሰው አንድ ድምፅ ነው። ቃል የለውም። ከበሬ ጩኸት የተቀዳ ነው፤ እኛ «እምቧ» የምንለው መሆኑ ነው። በዚህ ምክንያት አስቂኝ መምታታት ይፈጠራል፦ አሜሪካዊው ዘፋኝ ብሩስ ስፕሪንግስቲን መድረክ ሲወጣ አድናቂዎቹ ስሙን «ብሩ...ስ» እያሉ ስለሚጎትቱት፣ ነገሩን የማያውቅ ሰው ሕዝቡ «ቡ» እያለ የሚያባርረው ይመስለዋል።

«ሂስ» በጥርስ መካከል የሚወጣው የእባብና የዝይ ድምፅ ነው። በቀድሞ የቲያትር ሰዎች አነጋገር እንዲህ የተደረገበት ተዋናይ «ወፏ ተሰጠችው» ይባል ነበር፤ ወፏ ዝይዋ ናት። የእኛ «ሂስ» ከግእዝ የመጣ ነውና ከዚህኛው ጋር ዝምድና የለውም፤ ቢኖረው ግን ባልገረመኝ።

«ጂር» ማላገጥና ማሽሟጠጥ ያለበት ጩኸት ነው።

«ሄክል» ከእነዚህ ሁሉ የሚለየው ቃል ስላለው ነው። ባለቤት አለው፤ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሰው ነው፤ የሚናገረውም ለተናጋሪው ነው። ተናጋሪው መልስ ሊሰጠው ይችላል፤ ጎበዝ ኮሜዲያን ደግሞ ከዚያ መልስ ሌላ አሥር ደቂቃ ሳቅ ያወጣል። «ቡ» ለሚል ሰው ግን ምን ይመለሳል? እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 10 ቀን 2006 በሚላኑ ላ ስካላ የሆነውን አስታውሱ። ቴነሩ ሮቤርቶ አላኛ በ«አይዳ» ኦፔራ ውስጥ ኢትዮጵያዊቷን ልዕልት የሚያፈቅረውን የግብፅ የጦር መሪ ሆኖ ይጫወት ነበር። የመጀመሪያውን ዜማ እንደጨረሰ ከላይኛው ሰገነት ጩኸትና ፉጨት ወረደበት። ሰውየው አንድ ጊዜ ወደ ተመልካቹ ሰላምታ ሰጥቶ መድረኩን ጥሎ ወጣ። ተጠባባቂው አንቶኔሎ ፓሎምቢ ልብስ ለመቀየር እንኳን ጊዜ አጥቶ፣ በጥንታዊት ግብፅ መሃል በጂንስ ሱሪ ገብቶ ቀጠለ። ያ ሄክል አልነበረም። ማንም ለአላኛ አንዲት ቃል አልወረወረም፤ ቢወረውርማ ምናልባት መልሶለት ይቆይ ነበር።

ከኋላ ወንበር፦
ይህ ሁሉ ለአንድ ቃል?

የሞተው ንጉሥ፦
ጋሼ አሮጌ መዝገብ ያሉት ልክ መሆኑን በራሴ ደርሶ አይቻለሁ። ሁለተኛ ደረጃ እያለሁ በዓመቱ መጨረሻ ቲያትር ላይ ንጉሥ ሆኜ ተጫውቼ ነበር። በሦስተኛው ትዕይንት እሞታለሁ። በጦር ተወግቼ ወደቅሁ፤ ንግሥቲቱ ደረቴ ላይ ተደፍታ ታለቅሳለች፤ አዳራሹ ጭጭ ብሏል፤ አንዳንድ እናቶችም አብረዋት ያለቅሳሉ። የመድረኩ ምንጣፍ ግን ዓመቱን ሙሉ ያልተራገፈ ነበርና አቧራው አፍንጫዬ ገባ። ታገልኩት፤ አልሆነም። አስነጠሰኝ።

ለአፍታ ማንም አልተነፈሰም። ከዚያ ከኋላ አንድ ልጅ በጣም በትሕትና «ይማርዎ ጃንሆይ!» አለ።

ቲያትሩ እዚያ ላይ አለቀ። ንግሥቲቱ ራሷ ደረቴ ላይ እንደተደፋች ስትስቅ ሆዴ ላይ ይሰማኝ ነበር። ልጁ አልሰደበኝም፤ አልጮኸም፤ እንዲያውም በአክብሮት ነው የተናገረው። ሄክል ማለት ያ ነው ብዬ አምናለሁ። የተባለበት ሰዓት ነው የገደለኝ።

ከኋላ ወንበር፦
ከሞት በኋላ መሞትዎ ነው እንግዲህ።

የፈታይ ልጅ፦
እስካሁን ቃሉ ከየት እንደመጣ የጠየቀ የለም፤ ለእኔ ደግሞ ጣፋጩ እሱ ነው።

«ሄክል» መሣሪያ ነው። ጣውላ ላይ ረጃጅምና ሹል የብረት ጥርሶች ተርታ በተርታ ይተከላሉ። የተልባ ግንድ ውሃ ውስጥ ተነክሮ ከላላ፣ ደርቆ ከተቀጠቀጠ በኋላ ጭረቱ በእነዚያ ጥርሶች መሃል ተደጋግሞ ይጎተታል። አጭሩና ገለባው ጥርሱ ውስጥ ይቀራል፤ ረጅሙ እንደ ፀጉር ተበጥሮ ይወጣል፤ ከዚያ ተፈትሎ የተልባ ጨርቅ ይሆናል። እኛ ተልባን ለፍሬው ብቻ ስለምናውቀው ግንዱ ልብስ እንደሚሆን ብዙ ሰው አይገምትም። ይህን ሥራ የሚሠራ ሰው «ሄክለር» ይባል ነበር። የስኮትላንዱ ባለቅኔ ሮበርት በርንስም በወጣትነቱ፣ በ1781፣ ኧርቪን በምትባል ከተማ ይህንኑ የተልባ ሥራ ሊማር ሄዶ ነበር፤ የሚሠሩበት ቤት በዘመን መለወጫ ጭፈራ መሃል ተቃጠለና ነገሩ በዚያው ቀረ።

እንግዲህ ዳንዲ የምትባል የስኮትላንድ ከተማ በጨርቃ ጨርቅ ታዋቂ ነበረች። የዳንዲ ሄክለሮች በፖለቲካ ነገር ምላሳቸው የሰላ፣ አሠሪን የማይፈሩ ሰዎች እንደነበሩ ይነገራል። ሌሎቹ ሲያበጥሩ አንዱ የዕለቱን ጋዜጣ ጮክ ብሎ ያነብላቸዋል፤ እነሱም በየመስመሩ እያስቆሙ ይከራከራሉ፣ ይተርባሉ። በስኮትላንድ ለፓርላማ የሚወዳደርን ሰው በአደባባይ በጥያቄ ማፋጠጥ «ሄክል ማድረግ» የተባለውም ከዚሁ ነው፦ ሰውየውን እንደ ተልባ ጭረት በጥርስ መሃል ጎትቶ ገለባውን ማውጣት። ቀልደኛው ተመልካች ይህን ስም ያገኘው ከዚያ በኋላ ነው።

አሁን ወደ ቤታችን ልመለስ። እናቴ ጥጥ ስትነድፍ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ነው ያደግሁት። የደጋኑን ጅማት ጥጡ ላይ አድርጋ ትመታዋለች፤ ጅማቱ ድም ድም ይላል፤ ጥጡ እየተፍታታ እንደ ደመና ይነሳል፤ ከዚያ ባዘቶ ሆኖ ወደ እንዝርት ይሄዳል። ይህን ሥራ «መንደፍ» እንለዋለን። ንብም ትነድፋለች፤ እባብም ይነድፋል። ስኮትላንዶች ተልባ ከሚያበጥሩበት ቃል ሰውን የሚወጉበትን ቃል ካወጡ፣ የእኛ ቃል ጥጡንም መውጋቱንም አስቀድሞ አንድ ላይ ይዞ ተቀምጧል። «ነደፈው» ብትለውስ? «ነዳፊው ከኋላ ረድፍ ተነሣ»።

ከኋላ ወንበር፦
ተልባ ቢንጫጫ በአንድ ሙቀጫ።

የፈታይ ልጅ፦
አሁን እርስዎን ማን ይጠላል!

ትርጉም ላይ ነኝ፦
የፈታይ ልጅ፣ ሌሊቱን ስለ ደጋን ሳስብ አደርኩ። «ነደፈው» የሚለውን አንድ ቦታ ላይ ያለ ጥርጥር አስገባዋለሁ። «ነዳፊ» ግን አስቸጋሪ ነው፤ ዛሬ «ንድፍ» ሲባል አንባቢ የሚያስበው የሕንፃ ፕላን ነው። «ነዳፊው ከኋላ ረድፍ ተነሣ» ብል አርክቴክት ተነሣ ይመስለዋል።

የታሪክ መምህር፦
ጋሼ አሮጌ መዝገብ ሄክል ባለቤት አለው ማለታቸውን በአንድ ሕንፃ ላሳያችሁ። ማንችስተር ከተማ ፍሪ ትሬድ ሆል የሚባል ትልቅ አዳራሽ ነበረ፤ ዛሬ ሆቴል ሆኗል።

ኦክቶበር 13 ቀን 1905 የሊበራል ፓርቲ ስብሰባ ላይ ሰር ኤድዋርድ ግሬይ ይናገራሉ። ክሪስታቤል ፓንክኸርስትና አኒ ኬኒ የሚባሉ ሁለት ሴቶች ተነሥተው አንድ ጥያቄ ጠየቁ፦ ሊበራል መንግሥት ለሴቶች የመምረጥ መብት ይሰጣል? መልስ አልተሰጣቸውም። ደግመው ጠየቁ። ተጎትተው ወጡ፣ ታሰሩ፤ ቅጣቱን በገንዘብ አንከፍልም ብለው አንዷ ሰባት፣ ሌላዋ ሦስት ቀን እስር ቤት ገቡ። ከዚያ በኋላ ጋዜጦች ስለ ሴቶች የመምረጥ መብት መጻፍ ጀመሩ። ለየፈታይ ልጅ አንድ ስጦታ ልጨምር፦ አኒ ኬኒ ከልጅነቷ ጀምሮ በጥጥ ፋብሪካ የሠራች ሴት ነበረች።

በዚያው አዳራሽ ሜይ 17 ቀን 1966 ቦብ ዲላን ይዘፍናል። የመጀመሪያውን ክፍል ብቻውን በተራ ጊታር ተጫውቶ፣ በሁለተኛው ከባንድ ጋር በኤሌክትሪክ ጊታር መጣ። የባህል ዘፈን ወዳጆች ተከዳን አሉ። በሁለት ዘፈኖች መካከል ጸጥ ሲል አንድ ሰው «ይሁዳ!» ብሎ ጮኸ። ዲላን «አላምንህም» አለ፤ ጥቂት ቆይቶም «ውሸታም ነህ» ብሎ ባንዱን አስነሣ። ያ ቅጂ ለብዙ ዓመታት የለንደኑ ሮያል አልበርት ሆል ነው እየተባለ በሕገ ወጥ መንገድ ሲቸበቸብ ኖሯል።

ልብ በሉ፣ አንድ ቃል ናት። «ይሁዳ»። ለእኛ ጆሮ ምን ያህል እንደምትከብድ መናገር አያስፈልገኝም፤ ሐሙስ ማታውን፣ ሠላሳውን ብር፣ ስሞሹን ሁሉ ይዛ ነው የምትመጣው። ስለዚህ ሄክል ሁልጊዜ ቀልድ ነው ብላችሁ አትተርጉሙ። ሴቶቹ አልቀለዱም፤ ሰውየውም አልቀለደም።

ከሜልቦርን፦
ከአውስትራሊያ አንዲት አጭር ነገር ልጨምር። እንግሊዞች ሄክልን የሚቀርብ «ባራክ» የሚል ቃል አላቸው፤ በክሪኬት ሜዳ ተጫዋችን በጩኸት ማብሸቅ ማለት ነው። እዚህ በመጣሁ በመጀመሪያው ወር አንድ የሥራ ባልደረባዬ «ለየትኛው ቡድን ነው ባራክ የምታደርገው?» አለኝ። እኔ ማንንም አልሰድብም ብዬ ኮስተር አልኩበት። ለካ እዚህ ከኋላው አንዲት መስተዋድድ ሲጨመርበት «መደገፍ» ማለት ነው! የየትኛው ደጋፊ ነህ ማለቱ ነበር። ሄክል ግን እንዲህ ዓይነት መስተዋድድ አይፈልግም፤ ሰውየውን በቀጥታ ነው የሚይዘው።

ድምፅ ማጉያ፦
ተሸንፌያለሁ። ግን «ተረብ» የሚል ቃል እያለን ስለምን እንዲህ እንደክማለን? ሄክለር ማለት ተረበኛ ነው። አለቀ።

የማሲንቆ ጎረቤት፦
አላለቀም። ተረብ የሁለት ሰዎች ጨዋታ ነው፤ ትተርበኛለህ፣ እተርብሃለሁ፤ ሁለታችንም ለዚያው ተቀምጠናል። ሄክለር ግን ማንም ሳይጋብዘው ነው የሚገባው።

ለዚህ አዝማሪ ቤትን ተመልከቱ። እንግዳው «ተቀበል!» ይላል፤ አዝማሪው ማሲንቆውን እየገዘገዘ ይጠብቃል፤ እንግዳው ግጥሙን ይሰጣል፤ አዝማሪው ያንኑ በዜማ ይመልሰዋል። ግጥሙ ጎን ያለችውን ሴት ቢያወድስ፣ በር ላይ የቆመውን ሰውዬ ቢወጋ፣ አዝማሪውን ራሱን ቢነካ ያው ነው፤ ይቀበላል፣ ያሳምረዋል፣ ብሩንም ይቀበላል። አዝማሪውም በበኩሉ ሳይጠየቅ የእንግዳውን ቦርጭና መላጣ ያነሣል። እዚያ ቤት ከተመልካች የሚመጣ ቃል የሥራው ግማሽ ነው። እንግሊዞቹ ግን በር ላይ ክልክል ነው ብለው ይለጥፋሉ። እኛ አንድ ቃል ያላበጀንለት ከመድረኩና ከወንበሩ መሃል እንዲህ ያለ አጥር ስላልነበረን ይመስለኛል። ቴአትር ቤት ከመጣ ወዲህ ግን አጥሩም መጥቷል።

አሮጌ መዝገብ፦
የማሲንቆ ጎረቤት፣ ጥሩ ብለሃል፤ ሁሉንም ግን በዚህ አናስረው። ገበታ ዙሪያም «ነገር ወረወረብኝ» እንላለን፤ አጥር አላስፈለገንም። የጎደለን ስሙ ነው፤ ግሡ አለን።

አንዲት አንባቢ፦
ተርጓሚው ወንድሜ፣ አንድ ማስጠንቀቂያ። እዚያው መጽሐፍ ውስጥ «ካትኮል» የሚል ቃል ከገጠመህ ከዚህ ጋር አታምታታው። በጥንት ለንደን ቲያትር ቤት ተመልካች ተዋናይን የሚያሳፍርበት የፉጨት መሣሪያ ነበር፤ የድመት ጩኸት የሚመስል ድምፅ ያወጣል። ሳሙኤል ፒፕስ በ1660 የዕለት ማስታወሻው አንድ መግዛቱን ጽፏል። ዛሬ ግን ቃሉ ከቲያትር ቤት ወጥቶ መንገድ ላይ ቆሟል፤ ሴት ስታልፍ የሚወረወረው ነገር ነው። ለዚያ አማርኛ አልጠፋንም፤ «ለከፋ» ነው። ልዩነቱም ግልጽ ነው፦ ኮሜዲያኑ መድረክ ላይ የወጣው እንዲታይ ፈልጎ ነው፤ እኔ ግን ዳቦ ልገዛ ነው የወጣሁት።

የሕግ ተማሪ፦
እኔ ደግሞ ከፍርድ ቤት ልጨምር። የአሜሪካ ሕግ «የሄክለር ቬቶ» የሚለው ነገር አለው። ስሙን ያወጡለት የቺካጎ ዩኒቨርሲቲው የሕግ ፕሮፌሰር ሃሪ ካልቨን ናቸው፣ በ1960ዎቹ። ኧርቪንግ ፋይነር የሚባል ተማሪ ሲራኪዩስ ከተማ መንገድ ዳር ቆሞ ይናገራል፤ ከተሰበሰበው ሰው አንዳንዱ ይቆጣል፤ ፖሊስ የተቆጡትን ትቶ ተናጋሪውን ያስራል። በ1951 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ቅጣቱን አጸናበት። የሚጮኸው ሰው በጩኸቱ የሌላውን አፍ በመንግሥት እጅ ሲያዘጋ «ቬቶ» አገኘ ይባላል። እዚህ ላይ «ተረበኛ» ብትል የሚስቅ የለም።

ትርጉም ላይ ነኝ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ከዚህ ሁሉ በኋላ አንድ ስም መፈለጌን ትቻለሁ። ድርጊቱን በግሥ አስቀምጬ ስሙን ከዚያ አወጣዋለሁ። መጀመሪያ የሚመጣበትን ቦታ እንዲህ አድርጌዋለሁ፦

«ኮሜዲያኑ ውሃውን ተጎነጨ። ይህን ጊዜ ከመጨረሻው ረድፍ አንድ ሰው ነገር ወረወረበት፦ ‹እስካሁን ካቀረብከው ሁሉ ይኸኛው ይሻላል!› በዚህ ቤት የሚሠራ ሁሉ ነገር ወርዋሪ ይፈራል፤ ጩኸት ያልፋል፣ ፉጨትም ያልፋል፤ እንዲህ ያለው ግን ነድፎ ነው የሚሄደው።»

ከዚያ በኋላ «ነገር ወርዋሪው» እያልኩ እቀጥላለሁ። የበሩን ማስታወቂያ «ከወንበር ሆኖ ለመድረክ መመለስ ክልክል ነው» አልኩት። ጥሬ ትርጉም አይደለም፤ ግን አንድ የአዳራሽ ባለቤት በአማርኛ ቢለጥፍ እንዲህ ይል ነበር ብዬ ገመትኩ። ለአርታኢዬ ልኬላታለሁ።

አሮጌ መዝገብ፦
«ነገር ወርዋሪ» ጥሩ ነው። ማስታወቂያው ላይ «መመለስ» የሚለው «ተመልሶ መሄድ» እንዳይመስል «መልስ መስጠት» በለው። የተረፈው ይሁን።

ትርጉም ላይ ነኝ፦
እውነትዎን ነው ጋሼ፣ አስተካክላለሁ። አርታኢዬ አሁን መልስ ላከች፤ ቀይ ያሰመረችው አንድ ቦታ ብቻ ነው። ምን እንዳለች ልለጥፍላችሁ፦

ትርጉም ላይ ነኝ፦
[ባዶ መልእክት]

ከኋላ ወንበር፦
እስካሁን ከጻፍከው ሁሉ ይኸኛው ይሻላል!